ከጭነት መኪናው ከዘለልኩ በኋላ

ከመርሳ በወጣንበት ንጋት መናኸሪያው ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። የውርጌሳው ፀጉር አስተካካይ ሰይድ ነበረ። የሲሪንቃው የቀን ሠራተኛ አበባው ነበረ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከወልድያ የደረሰችው ሉባባ ነበረች፤ ኬንያ የሰው ቤት ሥራ ተገኝቶላት። እናቴ ልትሸኘኝ መጥታ ነበረች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ሯጩ ታደለ።

ናይሮቢ አካባቢ ጎበዝ ሯጭ የሚቀበል ካምፕ አለ ተብዬ፣ ያለ ፓስፖርት ነው የወጣሁት። መኪናው ሲነሳ እንደ ውድድር መነሻ ፈራሁ። የውድድሩ ፍርሃት ሽጉጡ ሲተኮስ ይለቃል። ይሄኛው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሞያሌን ካለፍን በኋላ መንገዱን የሚመራን ደላላ የባቄላ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ፣ ሸራ ሥር አስተኛን። የአገሬ የሐብሩ ቆላ ሙቀት ከዚያ ጋር ሲተያይ ጥላ ነው። ከሰዓት በኋላ መኪናው ቀስ አለ፤ ደላላው ሸራውን ገለጠና፣

«ኬላ ነው፣ ዝለሉ!» አለ።

አበባው «እስኪቆም እንጠብቅ እንጂ፣ አብደሃል?» አለው።

እኔ ግን «ሯጭ አይደለሁ እንዴ?» ብዬ ቀድሜ ዘለልኩ። ጫማዬ በሸራው ገመድ ተያዘ። የኋላው ጎማ በግራ እግሬ ላይ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ሆስፒታል ውስጥ ስነቃ አንሶላው ከግራ ጉልበቴ በታች ጠፍጣፋ ነበር። ከጓደኞቼ አንድም አልነበረም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በየእሁዱ ስንደዋወል «እየሮጥኩ ነው» እላታለሁ።

ናይሮቢ ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ በአስተርጓሚ ሥራዬን ጠየቀኝ። «ሯጭ» አልኩ። ምርኩዜን አየ።

«ሯጭ የነበርክ?»

«አዎ፣ የነበርኩ።»

«ቅጹ ላይ ‹የነበርክ› የሚል ቦታ የለም። ትሮጣለህ ወይስ አትሮጥም?»

ምርኩዜን ሳስተካክል «ሥራ የለውም» ብሎ ጻፈ።

አከራዬ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር ሽማግሌ በአክብሮት «ምዜ» ይባላል። ያሳዩኝ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ምዜ፣ ምድር ቤት የለዎትም?»

«አለኝ፤ ግን ውድ ነው። ደግሞ እዚህ ሌባ አይወጣም።»

«እኔስ እንዴት እወጣለሁ?»

«ሯጭ ነኝ ብለኸኝ የለ!»

ተከራየሁት። ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው። በሐምሌ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ብርቱካናቸው ደግሞ ልጣጩ አረንጓዴ ነው፣ ይጎመዝዛል፤ በመርሳ ብርቱካን ላደገ ሰው ቅጣት ነው። ፈርቼ ብዙ ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። መውደቁን ሳይሆን፣ የአገሬ ሰው አይቶኝ እናቴ ጋ ወሬው እንዳይደርስ ነበር የፈራሁት።

ሰው ሠራሽ እግር የሠራልኝ ምዋንጊ የሚባል ባለሙያ ነው፤ እነሱ «ፉንዲ» ይሉታል። ሲያራምደኝ «ግራው ረዝሟል» አልኩት።

«ለክቼዋለሁ።»

«ድምፁ ልክ አይደለም። ግራው ቀድሞ ይነካል።»

ከመርሳ ሲሪንቃ አስፋልቱን ስሮጥ ሰዓት አልነበረኝም። ፍጥነቴን የማውቀው በእግሬ ድምፅ ነበር። ምዋንጊ እያጉረመረመ እንደገና ለካ፤ አራት ሚሊሜትር ረዝሟል። «ነገ ለሥራ ና» አለኝ።

መጀመሪያ የጄሶ ፍርፋሪ ጠረግኩ፣ ቀጥሎ ሞረድ ያዝኩ፤ አለካኩን ከአሮጌ መጽሐፍ ለብቻዬ ተማርኩ። አሁን ሰው ሲራመድ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። አንድ የደቡብ ሱዳን ሽማግሌ «ይሄ ልጅ በሥራ ሰዓት ይተኛል» ብለው ከሰውኛል። እግራቸው ሲስተካከል ግን ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ አብሬያቸው ዞርኩ። እንደዚያ ቀን ፍርሃቴ ቀሎልኝ አያውቅም።

ባለፈው እሁድ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦

«እግርህ ደህና ነው፣ የኔ ጌታ?»

«ደህና ነው እምዬ።»

«ስትመጣልኝ ግሸን ማርያምን አብረን በእግራችን ልንወጣ ተስያለሁ። መኪና እንዳታስብ!»

«እሺ» አልኳት። ስለት ነው፤ እኔ በዋሸኋት ነገር እመቤታችንን ተማጽናለች። በሚመጣው እሁድ እነግራታለሁ። ያንን ዳገት በዚህ እግር እወጣው እንደሆነ አላውቅም።

እናቴን አውቃታለሁ፤ ሁሉንም በተራ ነው የምትጠይቀኝ፣ ከጎማው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መሐል ግን አላውቀውም። ሰይድ ደቡብ አፍሪካ፣ ሉባባ ሞምባሳ፣ አበባው አገር ቤት ናችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ካነበባችሁ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። ደሜን ማን አሰረው፣ በምን? ሆስፒታል ያደረሰኝ ማነው? ጥላችሁኝ ሮጣችሁ ከሆነም ጻፉ፤ አልቀየምም። ምን ያህል እንደጮህኩም አትደብቁኝ። እናቴን ጠርቼ ከነበረ፣ ያንንም ጻፉልኝ።