ሳይቀምሱ የሄዱ እንግዶች

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ፈረንጁ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኖቹ እንዳሉ አሉ፤ የእኔ እንጀራ ግን ከጎብኚው ጋር አብሮ ሄደ። የቀረኝ ነገር ቢኖር እንግሊዝኛዬ ነው። እሱን ይዤ የገጠሩን ርሃብና ድህነት እንቀንሳለን ለሚሉ ድርጅቶች አስተርጓሚ ሆንኩ። ድሮ ስለ ውቅር ድንጋይ አስረዳ የነበርኩት ሰውዬ አሁን ስለ ምርጥ ዘርና ስለ በግ እርባታ አስረዳለሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ያታክታል እንጂ። ከእኛ ወረዳ ጀርባ ብዙ አገሮች አሉ። አንዱ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ሌላው ባለሙያውን ይልካል፣ ሦስተኛው የሁለቱን ሥራ ሊገመግም ይመጣል። ሁሉም ያንኑ ይጠይቃሉ፤ ገበሬውም ያንኑ ይመልሳል። እኔ መሀል ተቀምጬ ያንን ወደዚህ፣ ይህን ወደዚያ አመላልሳለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ እራት ላቅርብ ወይ ብትለኝ እንኳ መልስ መስጠት ይታክተኛል። እንግዶቹ ክፋት የለባቸውም፤ ክፉ ቢሆኑ መናደዱ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ ፀጉሯ የሸበተ አንዲት ፈረንጅ ገምጋሚ ይዤ ከገነተ ማርያም ወዲያ ደጋው ላይ ወዳለች መንደር ወጣሁ። የምንሄደው ባለቤታቸው ወደሞቱባቸው አንዲት ገበሬ ቤት ነበር። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ፕሮጀክቱ ለዘር የሚሆን ገብስ ይሰጣቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እስከ አዲሱ እሸት የሚያቆይ እህል ያቀብላቸዋል። ይህ የክረምት እህል ለማን እንደሚቀጥልና ለማን እንደሚቆም የሚወሰነው በዚያ ጉብኝት ነበር። እትዬ ያለ እሱ ሐምሌንና ነሐሴን የሚሻገሩበት ነገር እንደሌላቸው አውቃለሁ። ጥቅምት ላይ ሄጄ ውርጭ የመታውን ገብሳቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛላው ባዶ ነበር።

ቤታቸው ስንገባ ግን የሠርግ ቤት መስሎ ጠበቀን። የላስታ ሰው እንግዳ ይመጣል ከተባለ የራሱን ጓዳ ብቻ አያይም። አንዷ ጎረቤት ነጭ እንጀራ አምጥታለች፣ ሌላዋ እንቁላል፣ ሌላዋ ከጓዳዋ ያወጣችውን ማር፣ አንዷ ደግሞ የሰንበቴ ጠላ። ፈረንጇ የተቀመጠችበት አጎዛ ሳይቀር የሰው ነው። እትዬ የለበሱት ጋቢም የእሳቸው አልነበረም፤ እጥፋቱ ገና አልተፈታም። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ያደግሁት የእንግዳ ሳህን ከጎረቤት በሚመጣበት ቤት ነው።

ፈረንጇ ታብሌቷን አወጣችና ኑሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ እግዚአብሔርን አመስግነው ምንም እንዳልጎደለባቸው ተናገሩ። ቀጠለችና፣ ባለፈው ወር ከቤተሰቡ ሳይበላ ያደረ ሰው አለ ወይ አለች። ይህንን ጥያቄ በየቤቱ ስተረጉመው ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ፊቴ ይቀላል። የሰው እናት ፊት ተቀምጦ፣ ምግብ በቀረበበት፣ ጦሟን አድራለች ወይ ብሎ መጠየቅ ለእኛ ስድብ ነው። እንደምንም አለሳልሼ አቀረብኩት። እትዬ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቅ አሉ።

«ኧረ ተመስገን። በሉ እንግዳይቱ ትቅመስና ከዚያ ወዲያ እናወራለን።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር እንግዳ እህል ሳይቀምስ የሚወራው ወሬ ወሬ አይባልም፤ ሰላምታ ነው። ቁም ነገሩ የሚጀመረው እጅ ከታጠበ፣ ከተጎረሰ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ነው። ይህን ለፈረንጇ አስረዳኋት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በጣም አመሰገነች፤ አትበላም ግን። ከሚረዱት ሰዎች ቤት ምንም ነገር አለመቅመስ ሕጋቸው ነው፤ የትም አገር ቢሄዱ ያው ነው። ከድሃ አፍ አልነጥቅም ማለቷ ነበር። አንዲት ጉርሻ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ደግ ሴት ናት፣ ምን ላድርጋት።

ወደ እትዬ ዞሬ፣ እነዚህ ሰዎች አይበሉም፣ ንቀት ሳይሆን ሕጋቸው ነው፣ አሁን ያልነገሯቸውን ሌላ ጊዜ የሚነግሩበት ዕድል የለም አልኳቸው። እትዬ ምግቡን አዩት፣ ከዚያ ሴትዮዋን አዩ። መጠየፍ መስሏቸው ፊታቸው ጥቁር አለ። ማርያምን ብዬ ማልኩላቸው።

«እንግዲያው ይሁን፣ ልጄ። ግና እህል ያልቀመሰ እንግዳ ፊት ገመናዬን ምን ብዬ አወጣለሁ? እንጀራ ዘርግቼ ረኃብ ላውጋት?»

ይህንንም አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ፈረንጇ ጎንበስ ብላ፣ ታዲያ ችግር አለ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ የለም አሉ። እኔ ጣልቃ ገብቼ አለ አልኩ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ የእኔ ሥራ እሳቸው የሚሉትን ማቅረብ ብቻ እንደሆነ አስታወሰችኝ። ከዚህ በፊት አስተርጓሚውና ባለሥልጣኑ ለገበሬው እየተናገሩለት ብዙ ነገር ተበላሽቷል፤ አሁን የሚጻፈው የገበሬው የራሱ ቃል ነው። ያበሸቀኝ እውነቷን መሆኑ ነው። የሌለ ችግር እየፈጠሩ የሚተረጉሙ ሰዎች እኔም አውቃለሁ።

ወጥተን መኪናው እስኪዞር ስንጠብቅ የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ ሳህናቸውንና ማሰሯቸውን ይዘው ወጡ። ፈረንጇ መካፈላቸው ደስ አላት። መካፈል አይደለም፣ ባለንብረቶቹ ዕቃቸውን እየወሰዱ ነው አልኳት። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ የነገርኳትን ከሪፖርቷ ግርጌ እንደምታሰፍረው ቃል ገባችልኝ። አስፍራውም ይሆናል። ግርጌ የተጻፈን ግን ማን ያነባል?

ሰኔ ሲገባ የፕሮጀክቱ ቢሮ ጎራ ብዬ የእትዬን ጉዳይ ጠየቅሁ። ተመርቀዋል አሉኝ። በእነሱ ቋንቋ ራሱን ችሏልና እርዳታው ይቁም ማለት ነው። እኔ ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመረቅ ሰው ነው የማውቀው። የጥቅምቱን ውርጭ አስረዳሁ፣ ስለ ሰው ጋቢና ስለ ሰው ማር ተናገርኩ፣ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። ያነጋገረኝ ሰውዬ ታክቶት ነበር፤ እሱም እንደኔ ደመወዝተኛ ነው።

«ወንድሜ፣ ምንም አልጎደለብኝም ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ የተረጎምከውም አንተ ነህ» አለኝ።

ከቢሮው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ደጋው ላይ ወጥቶ ለመንገርም ጉልበት አጣሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ቅዳሜ ገበያ ላይ ራሳቸው መጡብኝ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ገዢ ፍለጋ ይዞራሉ። ሸክማቸውን አወረድኩላቸውና እዚያው ቆመን ነገርኳቸው። እህሉ እንደማይመጣ፣ ክረምቱን በራስዎ ይወጡታል እንደተባለ ነገርኳቸው። እንባዬም መጣ።

እትዬ አላለቀሱም። ጭራሮው ላይ ቁጭ አሉና መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ገበያ ላይ ነንና ማንም የማንም እንግዳ አልነበረም።

«ገብሱን ውርጭ በላው። ከፋሲካ ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ ነው የምንቀምስ። ትልቋን ልጄን ሰው ቤት አስገባኋት፤ የምትልከው የላት፣ ግን እዚያ ትበላለች። ለዘር ብለው የሰጡኝን ገብስ… እሱንም ግማሹን ቆልቼ ለትንንሾቹ ሰጠኋቸው። ዘር በላሁ፣ ልጄ። እኔ የገበሬ ልጅ ዘር በላሁ። ሴትዮይቱ ከቀመሰች በኋላ ይህን ነግሬ ሌላ ዘር ልለምናት ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ነው የሰነበትሁ።»

የተናገሩት ሁሉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ አንድም የሚያሻማ ቃል አልነበረበትም። እኔም በልማድ እያንዳንዱን በውስጤ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጥኩ ሰማኋቸው። ጨርሰው ቀና አሉና፣ እንደለመዱት፣ እስክተረጉምላቸው ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ።