የአባቴ አምጃ

ዛሬ ጠዋት የአምጃ ችግኝ ስተክል አንድ ቅጠሏ በጣቶቼ መካከል ታሸ። ያ መራራ ሽታ ሲመጣ ንዴቴም አብሮት መጣ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከተወለደበት ከሁላ ተራራ አንዲት የአምጃ ቁጥቋጦ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሐዋሳ አመጣ። «የብርድ አገር ልጅ ናት» እያለ ዳስ ሠራላት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣት። የመጀመሪያ ቢጫ አበባዋን ባወጣች ሳምንት፣ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የነበረችው ጎረቤታችን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትላ መጣች። ለአብዮት በዓል መድረክ አበባ ይፈለጋል አለች።

«ቅርንጫፉን ውሰዱ፣ ሥሩን ተዉልኝ» አላት አባቴ።

«ጓድ፣ ለአብዮቱ ትሰስታለህ?» አለችና ከነሥሯ አስነቀለቻት።

በበዓሉ ቀን አምጃዋ መድረኩ ፊት ቆማ ገና በረፋዱ ጠወለገች። ያቺ ሴት ንግግሯን ስትጨርስ አባቴ አጨበጨበ። ቤት ስንገባ ለምን እንዳጨበጨበ ጠየቅሁት።

«እጄ ነው ያጨበጨበው» አለኝ።

አልገባኝም። ፈሪ መሰለኝና ናቅሁት።

ዛሬ አዲሷን አምጃ የተከልኳት ሆን ብዬ ነው፤ ከአጥራችን ውጪ፣ ከሴትየዋ በር ትይዩ። ሴትየዋ አሁን አርጅታለች። ምርኩዟን ተደግፋ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ምን አበባ ነው ልጄ?»

«ያውቋታል፣ እትዬ» አልኳት።

ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። እጄ ነው የጨበጣት።