ካቴድራሉ በር ላይ የተነሳ ፎቶ

አክስቴን ካቴድራሉን እንዳሳያት የላከኝ አባቴ ነው። ልጇ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ማታ ሞቷል፤ ቶኮዛ ሰፈር ባለችው ስፓዛው፣ በትንሿ የሰፈር ሱቁ ውስጥ ሌቦች ገብተው ተኮሱበት። እሷ ልትጠይቀው ካገር ቤት፣ ከሆሳዕና ከተማ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ያረፈችው እኛ ቤት ነው፤ ምንም አልሰማችም።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ አሁኑኑ ንገሯት» አልኩት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ሰው ይሰብሰብ። ያገራችን ልጆች ከጀርሚስተንም ከኮዝሞ ሲቲም ሱቃቸውን ዘግተው እስኪመጡ ይዘሻት ውጪ። ስደውል ትመጣላችሁ።»

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ነው። ወጉ አልጠፋኝም፤ እናት እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዋን መስማት የለባትም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ወንዶቹ ወንበር ይከራያሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆሜ ልዋሽ።

አክስቴ ግን ደስ ብሏት ተነሳች። መሀል ከተማ አደባባዩ ላይ ያለውን አሮጌ የካቶሊክ ካቴድራል በታክሲ ስናልፍ አይታው «አንድ ቀን ታስገቢኛለሽ» ብላኝ ነበር። ልጇ የገዛላትን አረንጓዴ ቀሚስ ከነፌስታሉ አወጣች። ለክብር ቀን ብላ ያስቀመጠችው ነው፤ ገና አልለበሰችውም ነበር።

«ሳውቦና፣ ማማ» አላት የካቴድራሉ በረኛ።

«ዬቦ!» አለችው፤ ከልጇ ደንበኞች የለመደችው ሰላምታ ነው። ወደ እኔ ዞር ብላ ሳቀች።

ውስጡ ይበርዳል፤ የሰም ሽታ አለው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ አክስቴ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሐውልቶቹን በጥርጣሬ እያየች አለፈች። ጥግ ላይ ማርያም የሞተ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ክንዷን ይዤ ወደ ባለቀለሞቹ መስኮቶች ላዞራት ስል ቆማ ቀረች።

«እኔን ያስቀድመኝ» አለች ቀስ ብላ። ጣሪያውን አየሁ።

«በይ ፎቶ አንሺኝና ላኪለት። እዚህ ጋ ግን አይሆንም፤ ጣዖት ሥር ቆማ ብሎ ይስቅብኛል።»

በሩ ላይ ቆመች። ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

«ቀሚሱ ሙሉ ይታያል?»

«ይታያል።»

በዋትሳፕ ላክሁለት። ምን ላድርግ? በትከሻዬ በኩል ታያለች። ሳይከፈት ይቀራል ብዬ ነበር። የልጇ ስልክ ግን አባቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የሟቹን ጓደኞች ቁጥር የሚያወጣው ከሱ ነው። ወዲያው ሁለቱ የራይት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ።

«አየኝ! አየኝ እኮ!» ብላ አጨበጨበች። ቆይታ ደግሞ «ምነው አይመልስም?» አለች።

«ደንበኛ በዝቶበት ይሆናል።»

ይህን ያለውን አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ደወለ፤ «አምጪያት» አለ። መንገዱን ሁሉ ስለ ቀሚሱ አወራችልኝ፤ ቀለሙን ራሱ እንደመረጠላት፣ ልኳን ሳይጠይቅ እንዳወቀ።

ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። በሩ ላይ ስትደርስ የተደረደሩትን ወንበሮች አየች፤ አንድ ሽማግሌ ወደ እሷ ሲራመዱ አየች። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች። ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም።

አመሻሹ ላይ፣ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ በእጇ ጠራችኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። መሬት ላይ ስትወድቅ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል።

«ፎቶዬን ማን ነው ያየው?»

«አባቴ» አልኳት።

የተቀደደውን በጣቶቿ ገጥማ ያዘችው።

«እንግዲያ ልጄ ለብሼው አላየኝም» አለች።