እጅ የማያሳልፍ ወገብ

ከቤት የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው። ሰው ሲሰደድ ጨለማ ለብሶ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እያየኝ፣ እናቴ በኮባ ጠቅልላ የሰጠችኝን ቆጮ ታቅፌ ወጣሁ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የእንሰት ማሳችን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለኑረዲን አልበቃ አለ። አንዳችን መሄድ ነበረብን፤ ታላቁ እኔ ነኝና ሄድኩ። ኑረዲን እስከ ወንዙ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

የምሄደው አምቦ ነው። እዚያ አጎቴ ሙዘይን ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ሱቁ በረንዳ ላይ የቆመ አንድ የስፌት መኪናም ነበራቸው፤ የሚሰፋበት ሰው ግን አልነበራቸውም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ "አምቦ ቅርብ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ማዶ ነው" ትላላችሁ። ቅርብስ ቅርብ ነው። እኔ ግን ከአዲስ አበባ በተነሳው አውቶቡስ ውስጥ ሆለታን፣ ጊንጪን ስናልፍ፣ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ እየተጫወተ ሲስቅ፣ በምን እንደሚስቁ ሳላውቅ አብሬ ስስቅ፣ አገሬ ስንት ቀን እንደራቀኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ቆሎ ዘገኑልኝ። የእነሱ ቆሎ ገብስ ብቻ ነው፤ ሽምብራ የለበትም።

በማግስቱ አጎቴ ቀበሌ ይዘውኝ ሄዱ። ሊቀመንበሩ የገበሬ ማኅበራችን የጻፈልኝን መሸኛ ወደ መስኮቱ ይዞ አነበበ።

"'ወደ አምቦ ስለሚሄድ' ይላል" አለ።

"አዎ ጓድ።"

"በእኛ መዝገብ አምቦ የሚባል ከተማ የለም። ይህ ሀገረ ሕይወት ነው።"

"ታዲያ አምቦ የት ነው?"

"እዚሁ ነው።"

"እንግዲያው መጥቻለሁ።"

"በእግርህ መጥተሃል" አለ ወረቀቱን እየመለሰልኝ። "በወረቀት ግን አልመጣህም።"

አጎቴ ከኪሳቸው ሜትሩን አውጥተው የሊቀመንበሩን ሱሪ ልክ ወሰዱ። ሱሪው ባለቀ ማግስት እኔም በወረቀት መጣሁ።

ማደሪያ ያገኘሁት አዴ ጫልቱ ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ በደባልነት ነው። ከጓሯቸው ያለችውን ክፍል ሳያሳዩኝ መጀመሪያ እኔን አዩኝ።

"እስላም ነህ አሉ" አሉኝ።

"አዎ።"

"እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። አትጠጣም አይደል?"

"አልጠጣም።"

"እኔም አልጠጣም። ኢልማ ኮ፣ እንግዲያው በዚህ ቤት የሚያጣላን የለም።" ኢልማ ኮ ልጄ ማለት ነው። ያን ቀን የተማርኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ሆነ።

እውነትም አልተጣላንም። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ ነው። ደህና ብሎ ማለፍ የለም። ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቁኛል፣ በአገሬ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔ ከትናንት ወዲህ አገር ቤት ደርሼ እንዳልመጣሁ እያወቁ። የገብስ ገንፎ በቅቤ ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፤ ጥሩ ነው፤ ግን በቆጮ፣ በአይብና በቅቤ የተለወሰ አተካና የለመደ አፍ ገንፎ ሲገባበት ዝም ብሎ ይቀበላል እንጂ ደስ አይለውም።

ሥራዬ መስፋት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቀበሌ ጥበቃ ካኪ፣ የሰርግ ቀሚስ። መቀመጫዬ የለስላሳ ሣጥን ነበር፤ መኪናዋ ከፍ ያለች፣ ሣጥኑ ዝቅ ያለ። ከጠዋት እስከ ምሽት ተጣጥፌ እሰፋለሁ። በገበያ ቀን ደግሞ መኪናዋን ተሸክሜ ጭነት መኪና ላይ እወጣለሁ፤ አንዴ ወደ እጃጂ ገበያ፣ አንዴ ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ። ሁለት ጊዜ አረፋን አገር ቤት ሄጄ አከበርኩ። ከዚያ በኋላ የመንገዱ ኬላ በዛ፤ ወጣት ወንድ ከአውቶቡስ እየወረደ የሚቀርበት ዘመን መጣና ቀረሁ።

በስድስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ጎጆ ገበያ ላይ ነው። የጎጆን ብርድ ላላየው ሰው ልነግረው አልችልም፤ ጣት መርፌውን አይሰማውም። ሥራ ጨርሼ መኪናዋን ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ውስጥ ቀጭ ያለ ነገር ተሰማኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ድንች የጫነ መኪና ነበር፤ ሾፌሩና ረዳቱ አንስተው ጆንያዎቹ ላይ አጋደሙኝ። በዚያ መንገድ፣ በየጉድጓዱ፣ እያንዳንዱ ድንች ጀርባዬን እየቆጠረ አምቦ ገባሁ።

ሦስት ቀን ተኛሁ። ስነሳ ወገቤ ደርቋል። ጎንበስ ማለት አይሆንልኝም፣ ዘወር ማለት አይሆንልኝም። በሶላት መሃል ጎንበስ የሚባልበትን ሩኩዕ ማድረግ አቃተኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላኝ ሰው እንደ ሽማግሌ ሣጥን ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። የሰፈሩ ሰው ግን አልገባውም። ቀጥ ብዬ ስራመድ እያየ "ምነው፣ ወታደር ሆንክ?" ይለኛል።

በዚያው ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ መጣ። ሊቀመንበሩ አስጠራኝ።

"ስምህ ወጥቷል።"

"ወገቤን ታምሜአለሁ ጓድ።"

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። "ወገቡን የታመመ ሰው ይጎብጣል። አንተ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብለሃል።"

"ሕመሙ እሱ ነው ጓድ። መጉበጥ አቃተኝ።"

"ለሰልፍ የሚፈለገውም እሱ ነው" አለ፤ አልሳቀም። "ከጤና ጣቢያ ወረቀት ካለህ አምጣ።"

አዴ ጫልቱ ወደ ኦቦ ደበላ ላኩኝ። ኦቦ ደበላ ጤና ረዳት ናቸው፤ የእሳቸውና የአዴ ጫልቱ ጸሎት ቤት አንድ ነበር፣ እስኪዘጋ ድረስ። ስለ መዘጋቱ አያወሩም። ሸሚዜን አስወልቀው ከግድግዳ አስጠጉኝ፤ ተረከዜ፣ መቀመጫዬ፣ ትከሻዬ ግድግዳውን ነካ። ከዚያ መዳፋቸውን በወገቤና በግድግዳው መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም።

"እግዚአብሔር ሲፈጥረን ወገባችንን በትንሹ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አድርጎታል" አሉኝ። "እዚህ ጋ እጅ ማለፍ አለበት። አንተ ስድስት ዓመት ተጣጥፈህ ተቀምጠህ ስርጉዱን አጥፍተኸዋል። ያለ እሱ ሸክሙ ሁሉ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው።"

"ይመለሳል?"

"አንተ ከመለስከው ይመለሳል።"

ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግተው ራሳቸው ተኝተው አሳዩኝ። በሆድ መተኛት፤ ዝም ብሎ መተንፈስ። ከዚያ በክርን ደረትን ቀና ማድረግ፣ መቀመጫን ሳያነሱ። ጥቂት ቀን ቆይቶ በመዳፍ እየገፉ ከፍ ማለት፣ ሆድ ከሰሌኑ ሳይለቅ፤ አሥር ጊዜ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ማቆም፤ ወደ ወገብ መሃል ከተሰበሰበ ግን መቀጠል። ሲቆሙ ሁለት እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለጠጥ። ሲቀመጡ ጋቢ ጠቅልሎ ከወገብ ኋላ ማድረግ። "ያንን ሣጥንም ከፍ አድርገው" አሉኝ።

ልብሴን ለብሼ ቆምኩ፤ መጠየቅ አፈርኩ፤ ጠየቅሁ። "የማይድን ነው ብለው ይጽፉልኛል?"

ብዕራቸውን አነሱ። "የማየውን ነው የምጽፈው። ዛሬ የማየው ጠመንጃ የሚሸከም ወገብ አይደለም። ስድስት ወር ከባድ ነገር አያንሳ ብዬ እጽፋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ትመጣለህ፣ ያኔም የማየውን እጽፋለሁ።"

ወረቀቱን ወስጄ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ሰሌኔን ጠቅልዬ ከግድግዳ አቆምኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መዳን ፈራሁ። የታመመ ወገብ ከጦር ሜዳ የሚያስቀር ከሆነ ይታመም አልኩ። አንድ ወር ያህል አልነካሁትም። ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ ወረደ፤ የመኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቃተኝ። አጎቴ ደጋግመው አዩኝ፤ የሚሰፋ ሌላ ሰው ግን እያፈላለጉ እንደነበር ሰማሁ።

አንድ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት አልቻልኩም። አዴ ጫልቱ ገብተው "ማል ታቴ?" አሉኝ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ከዚያ የቆመውን ሰሌን አዩ፤ ገባቸው።

"እንዳይወስዱህ ብለህ ነው" አሉ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ።

"ኢልማ ኮ፣ የሚወስዱህ ከሆነ ሽባም ሆነህ ይወስዱሃል። ራስህን አንተው ከሰበርክ ለእነሱ ምን ሥራ ተውክላቸው?" ሰሌኑን ዘረጉት። "ተኛ። እኔ እቆጥራለሁ።"

በኦሮምኛ እስከ አሥር ቆጠሩልኝ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ እኔ እንደ እንሽላሊት አንገቴን ቀና እያደረግሁ፣ እሳቸው ሽንኩርት እየላጡ። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፤ በኋላ መሳቁንም ረሱት። ሕመሙ ከእግሬ ወደ ዳሌዬ፣ ከዳሌዬ ወደ ወገቤ መሃል ተሰበሰበ። በሦስተኛው ወር ፔዳል ረገጥኩ። በአምስተኛው ወር ቆሜ ሰገድኩ፤ ሩኩዕ ላይ እጄ ጉልበቴን ሲነካ እዚያው ብዙ ቆየሁ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ኦቦ ደበላ ከግድግዳ አስጠጉኝ። መዳፋቸው ገባ። አውጥተው ደግመው አስገቡት፤ አሁንም ገባ።

"ድነሃል" አሉኝ፤ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የደከመ ነበር። "ወረቀት የሚጠይቅህ አለ?"

"እስካሁን የለም።"

"እንግዲያው ሳልጠየቅ አልጽፍም።"

የሚጠይቀኝ አልመጣም። የውትድርናው ኮታ ከገጠር ሞላ ተባለ። የየት ገጠር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ በሚሄድ ነጋዴ ለእናቴ ላክሁባት፤ በሚመጣው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ከወረዳው ስልክ ቤት ትገኝ ብዬ። አገር ለቅቃችሁ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ስልክ ቤት ወረፋ ይዛችሁ፣ ስማችሁ እስኪጠራ፣ የምትሉትን ስትደረድሩ ትቆያላችሁ፤ እጀታውን ስትይዙ ይጠፋችኋል።

"ድነሃል ወይ?" አለች ድምፄን እንደሰማች፤ መታመሜን ከነጋዴው ሰምታለች።

"ድኛለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኑረዲን ከገበያ አልተመለሰም። ከእኩዮቹ ጋር በመኪና ነው የሄደው። ወር አለፈው።"

በምን መኪና አልኳት ይሆን? አላልኳትም። የወታደር መኪና እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን፤ መስመሩ ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም። ወር አለፈው ስትል በልቤ ቆጠርኩ፤ እኔ ሰሌን ላይ ተኝቼ አሥር ጊዜ ቀና ስል ነው።

"ማሳውን እኔ ብቻ አልችለውም" አለች። "ወገብህ ከዳነ ታዲያ ምን ይዞህ ነው የማትመጣው?"

በመካከላችን ያለውን ኬላ ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። ጤነኛ ወጣት፣ ወረቀት የሌለው፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ፤ አንዱንም አላልፍም። ከኋላዬ አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። "እመጣለሁ" አልኳት።

"መቼ?"

ስልክ የምታገናኘው ሴት መስመሩ ላይ ገባች። "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል። ይጨመር?"

"ይጨመር" አልኩ። ጨመረችልን። እኔና እናቴ ሦስቱን ደቂቃ እየተነፈስን ስንደማመጥ ጨረስነው።