ጎልኮንዳ ላይ የሰማሁት ጭብጨባ

ካዚኖ ውስጥ ዲለር ነኝ፤ ለቁማርተኞች ካርታ አድላለሁ። ከጠረጴዛ ስንነሳ እጃችንን አጨብጭበን መዳፋችንን ለካሜራው እናሳያለን፤ ምንም አልደበቅንም ለማለት ነው። ትናንት ቤቱ ጭር ብሎ ስለነበር የጓደኛዬ ጭብጨባ አስተጋባና ሃይደራባድ ትዝ አለኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ ልቧን ታማ ለሕክምና ሕንድ ስትሄድ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት አባዬ፣ «ሐኪሙ እኛ ጨርሰናል ብሎናል፤ ዛሬ እንዝናና» አለ። ድናለች ማለት መስሎኝ አልጋው ላይ ዘለልኩ።

ጎልኮንዳ የሚባለውን የጥንት ምሽግ ልናይ ሄድን። እዚያ በሩ ሥር ያጨበጨበ ሰው ኮረብታው ጫፍ ድረስ ይሰማል። እማዬ ደረጃውን መውጣት ስላልቻለች፣ «ሂጂ ውጪ፤ እኔ ከዚህ አጨበጭብልሻለሁ» ብላኝ ቀረች። ድንጋዩ በፀሐይ ግሏል፤ ጨለማው መተላለፊያ የሌሊት ወፍ ይሸታል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጭብጨባዋ አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«አባዬ፣ ሰማህ?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ላቡን የሚጠርግ መስሎኝ ነበር።

አገር ቤት በተመለስን በወሩ እማዬ አረፈች። ሳልሰናበታት።

አባዬ አሁን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሄንደርሰን የምትባል ከተማ አብሮኝ ይኖራል። ይህን ሁሉ ዓመት ቂም ይዤበት ኖሬያለሁ። ትናንት ከሥራ ስገባ ግን አላስቻለኝም።

«እንደማትድን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እሷ ናት እንዳትነግራት ያለችኝ» አለ። «አንድ ቀን እንኳን ስትስቅ ልያት ብላ።»

ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቂሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ከእሱ ተነስቶ ወደ እሷ ዞረ። እሷን ደግሞ መጠየቅ አልችልም።