የበያጁ ብልጭታ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አፉ ውስጥ ይዞ የተወለደ ይመስለኛል። ገበያ ደርሼ ስመለስ እንኳን «ማንን አገኘሽ?» ይለኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩቅ አያይም። መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ግን እሱን አውልቆ መርፌውን አፍንጫው ሥር ያስጠጋዋል።

በዚያ ላይ ሞራ መጣበትና ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሟ አስጠንቅቃው ነበር፦ «የእርስዎ ዓይን ረዘም ያለ ነው። ከኋላው ያለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የምንለው፣ ተወጥሮ ሳስቷል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ብልጭታ ካዩ ወይም ጥላ ከጋረደዎት በዚያው ቀን ይምጡ።»

«ደንበኛ ማቆያ ነው፤ አላውቃትም እንዴ!» አለኝ ደጅ ስንወጣ።

ታዲያ በቀዶ ጥገናው በተተከለለት ሌንስ ያለ መነጽር ማዶውን ማየት ሲጀምር ጥርጣሬውም መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ብረት በያጅ አለ። «ይሄ ሰውዬ ሆን ብሎ ብልጭታውን ይለቅብኛል። ዓይኔ ስለበራ ቀንቶ ነው» ማለት ጀመረ። እኔ ምንም አላየሁም።

«ኧረ ሐኪሟ ያለችህን አስብ!» ብለው፣

«አንቺም ከሱ ጋር ነሽ» አይለኝ መሰላችሁ! መስኮቱን በገበር ጨርቅ ጋረደው።

አንድ ቀን «ይኸው ደግሞ ለቀቀብኝ!» ብሎ መቀሱን እንደያዘ ማዶ ተሻገረ፤ እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። በያጁ ጨለማ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«ወንድሜ፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በምን ልበይድ፣ በምላሴ?»

ባሌ ማሽኑን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጨፍኜም ብልጭ ይልብኛል» አለኝ ቀስ ብሎ። «በጎን በኩልም ጥቁር ነገር አለ። የመስኮቱ ጨርቅ መስሎኝ ነበር እኮ።»

በያጁ ዳቦውን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት አደረሰን። ሬቲናው እስከ መሃሉ ተላቅቆ ነበር። መልሰው አጣበቁት፤ ያ ዓይን ግን ከእንግዲህ ብርሃንና ጥላ እንጂ ክር አይለይም። ምናለ አንድ ቀን ቢያምነኝ!

ግራውም ሞራ ሲሸፍነው፣ ስፌቱ እንዳይቀርበት ፈርቶ እሱንም አሠራው። እስካሁን ደህና ነው፤ ለቅርብ መነጽር አድርጎ ይሰፋል።

«ዛሬስ ብልጭታ አለ?» እለዋለሁ ጠዋት ማታ።

«የለም» ይለኛል።

አላምነውም።