መቶ ሃያ የተሸከመ እግር

ወልድያ፣ ጋሽ እንድሪስ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መርፌ አልሰጡኝም። የሰጡኝ ሜትር ነው። አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝና «ከዛሬ ጀምሮ ሴቶቹን የምትለኪ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከመርሳ ገጠር ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቁጥር ግን አይጠፋኝም ነበር።

የተቀጠርኩበት ምክንያት ቀላል ነው። በእኛ አገር ሴት ደንበኛ ወንድ ወገቧ ላይ ሜትር እንዲያዞር አትወድም። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ ከመጋረጃው ወዲያ ጠመኔና ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ለክቼ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ይቆርጣሉ። የቤቱ ማዕረግ እንዲህ ነበር፦ ቆራጩ ጋሽ እንድሪስ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ሁለት ሰፊዎች፣ ከዚያ ዘምዛሚና ቁልፍ ተካይ፣ ከሁሉም በታች እኔ።

ችግሩ እኔ ዓይናፋር መሆኔ ነው። ድምፄ ከአፌ ብዙ አይርቅም። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲጮኽባቸው ኖረው ጆሯቸው ደክሟል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እትዬ በላይነሽ ነበሩ። በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንዲት ልጃቸው ደሴ ተድራለች። ወገባቸውን ለካሁና በሹክሹክታ ተናገርኩ።

«ስንት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ደገምኩላቸው።

«መቶ አሥራ አራት? ወገብ ነው ያልሽኝ ወይስ ዳሌ?»

በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጡ የሚኒባስ ሹፌሮች ሰሙ። ከዚያ አንዱ «ጋሽ እንድሪስ፣ ድንኳን መስፋት ጀመሩ እንዴ?» አለ።

እትዬ በላይነሽ ጨርቃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። ጋሽ እንድሪስ በማግሥቱ ሱቃቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ተመልሰው ሲመጡ ለእኔ መመሪያ ሰጡኝ፦ «ስሚ ዘሀራ። ከእንግዲህ የወገብ ቁጥር ስትነግሪኝ አሥር ቀንሰሽ ተናገሪ። መቀሱ መልሶ ይጨምረዋል።»

እንዲህ ሆኖ የቤታችን ደንብ ተተከለ። እኔ አሥር እቀንሳለሁ፣ ጋሽ እንድሪስ አሥር ጨምረው ይቆርጣሉ፤ ልብሱ ልክ ይሆናል። ሴቶቹ ወደዱን። «ሌላ ቦታ መቶ አምስት ይሉኛል፤ እዚህ ዘጠና አምስት ነኝ» እያሉ ጎረቤት ይዘው ይመጡ ነበር። በከተማው ውስጥ ምንም ሳይራቡ የሚከሱባት አንዲት ቤት የእኛዋ ነበረች።

እትዬ በላይነሽም ቂም አልያዙም። ማደሪያ ስፈልግ የጓሮ ክፍላቸውን ሰጡኝ። «የወገቤን ምሥጢር የምታውቅ ልጅ የሰው ግቢ ከምታድር እዚሁ ዓይኔ ሥር ትሁን» አሉ።

አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ስኳር እንደጀመራቸው፣ ጉልበታቸውም እየተጎዳ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። «ካልቀነሱና በእግርዎ ካልሄዱ፣ ጥቂት ቆይተው በሰው ድጋፍ ነው የሚነሱት» ብሏቸዋል። እትዬ በላይነሽ በሰው ድጋፍ የሚነሱ ሴት አይደሉም። ከበርበሬ ጆንያ ጋር ብቻቸውን የሚታገሉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ሰኞ እንደሚጀምሩ አስታወቁ።

ሰኞ ነጭ ስኒከር ገዙ። በቀጣዩ ሰኞ ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ሰኞ ስታዲየም አካባቢ ሊራመዱ ወጡ፤ እስከዚያ የሄዱት ግን በባጃጅ ነው። ባጃጁንም አቁመው አንድ ዙር ሳይሞሉ ተመልሰው ገቡበት። «ሰውዬው እየጠበቀኝ በሰላም መራመድ አልቻልኩም» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ጀመሩ። ሎሚው እንዳይመራቸው ማር ጨመሩበት፤ ማሩ ጠጅ ለመጣል የሚበቃ ነበር። ጾም ሲገባ ደግሞ «አሁን በራሱ ይወርዳል» ብለው ጮርናቄ ቁርስ አደረጉት፤ ጮርናቄ ጾም አያስፈታም። ለመጀመር የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልተው ነበር፤ ከመጀመር በቀር።

መመዘኛቸው የእኔ ሜትር ሆነ። በየማክሰኞው ሱቃችን እየመጡ «እስቲ ለኪኝ» ይላሉ። የመጀመሪያው ማክሰኞ መቶ አሥራ አራት ነበሩ፤ መቶ አራት አልኩ። በሁለተኛው መቶ አሥራ አምስት ሆኑ። በደንቡ መቶ አምስት ማለት ነበረብኝ። ቀና ስል ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ተተክሏል። «መቶ ሦስት» አልኩ።

«በእመቤቴ! አንድ ወረደ?» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ቀን በደስታ ገንፎ በቅቤ ጋበዙኝ፤ አብረውኝም በሉ።

ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። ሜትሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ አፌ ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት ሲገባ በሜትሩ መቶ ሃያ፣ በአፌ ዘጠና ስምንት ደርሰው ነበር። ዘጠና ስምንት የሆነ ሰው ደግሞ ባጃጅ አቁሞ ሊራመድ ለምን ይሄዳል? መራመዱን ተዉት።

ለመክሳታቸው መታሰቢያ ቱታ አዘዙ። ጋሽ እንድሪስ ደብተራቸውን አይተው ዘጠና ስምንት ላይ አሥር ጨምረው ቆረጡ። እትዬ በላይነሽ ከመጋረጃው ኋላ ቱታውን ለብሰው ጎንበስ ሲሉ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ድምፁን ጋሽ እንድሪስ እንኳ ሰሙት።

«ጨርቁ ነው» አሉ ወዲያው። «ዘንድሮ የሚመጣው ጨርቅ አይረባም።» ደንበኛዋ ሲወጡ ግን ወደኔ ዞሩ። «ዘሀራ፣ አሥር ነው ያልኩሽ። ስንት ቀንሰሽ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ያ አላህ! እኔ ያዘዝኩሽ ውሸት ልክ ነበረው እኮ!»

እውነቱን በሚቀጥለው ማክሰኞ እንድነግራቸው ተስማማን። ማክሰኞ አልደረሰም። ጦርነቱ ቀድሞ ደረሰ።

ከሰሜን በኩል የሚሰማው ድምፅ እየቀረበ መጣ። አንድ ጠዋት ከተማው ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። ጋሽ እንድሪስ የአንዷን የስፌት መኪና ራስ ፈትተው በጋሪ ጫኑ። «መርሳ ወደ አባትሽ ሂጂ። ሴትዮዋን ይዘሻቸው ሂጂ» አሉኝ። ሚኒባስ ያለው ሄዷል። ባጃጅ ነዳጅ የለውም።

እትዬ በላይነሽ ስኒከራቸውን አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ምንም አልፈሩም። «ዘጠና ስምንት ኪሎ ይሁን ሴንቲም፣ ምኑም ሆነ ምን ቀልያለሁ። መርሳ በእግር ምን አላት?» አሉ። እኔ ቀድሜ መንገዱን ጀመርኩ።

ከከተማው ወጥተን አንዱን ዳገት እንደጨረስን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው በጎናችን ያልፋል፤ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ። ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጉልበታቸውን ያዙ።

«በቃኝ፤ አንቺ ሂጂ።»

«ኧረ ትንሽ ይረፉና ይነሱ፣ እትዬ።»

«የምሬን ነው። መቶ አሥራ አራት ሳለሁ እንኳ እስታዲየም ድረስ... ይሁን፣ በባጃጅም ቢሆን እሄድ ነበር። አሁን ዘጠና ስምንት ወርጄ ይህችን ዳገት ካልቻልኩ፣ እግሬ ሞቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ያለኝ ቀን መጣ። ልጄን ካገኘሻት ሰላም በያት።»

የቤት ቁልፋቸውን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ ገባኝ። ክብደታቸውን ስደብቅ ጉልበታቸውንም ደብቄባቸዋለሁ።

ሜትሩ እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ዘጠና ስምንት አይደሉም» አልኩ።

«ስንት ነኝ?»

«መቶ ሃያ።»

«አልሰማሁሽም።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩ። «መቶ ሃያ! ወገብዎ መቶ ሃያ ነው! አንድም ቀን አልቀነሱም! እኔ ነኝ የዋሸሁዎት!»

ፍየል የሚጎትተው ሰውዬ ቆሞ ተመለከተን።

እትዬ በላይነሽ ቀስ ብለው ጃንጥላቸውን አነሱ። ከዚያ ተነሱ። ማንም ሳይደግፋቸው ተነሱ።

«አንቺ እባብ! ገንፎ በቅቤ አብልቼሽ!»

ሮጥኩ። ተከተሉኝ። ብዙ አልራቅኋቸውም፤ ጃንጥላው በማይደርስበት ልክ፣ አሥር እርምጃ ያህል ቀድሜ ሄድኩ። ስቆም ይመጣሉ፣ ሲመጡ እሄዳለሁ። «ቆይ እደርስብሻለሁ!» ይላሉ። «ይድረሱብኝ!» እላለሁ። የሚያልፈን ሰው አንዳንዱ ይስቃል፤ በዚያ ቀን ሰው የሚስቅበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

መርሳ ሳንደርስ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ፣ ሲሪንቃ ልንገባ ስንል ስድባቸው አለቀ። ቆመው የመጣንበትን መንገድ ዞረው አዩት። ረጅም ነው።

«ዘሀራ።»

«አቤት።»

«መቶ ሃያ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

እግራቸውን ዝቅ ብለው አዩት፤ ስኒከሩ ነጭ መሆኑ ቀርቷል። «እንግዲያ ይሄ እግር መቶ ሃያ ተሸክሞ ነው እዚህ የደረሰው?» አሉ። «እኔ ሞቷል ስለው! ይሄማ የበቅሎ እግር ነው።»

ሲሪንቃ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፍን። በማግሥቱ መርሳ አባቴ ቤት ደረስን። እሳቸው ከመርሳ በጭነት መኪና ደሴ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሳፈሩ በጃንጥላው ጫፍ ትከሻዬን አንዴ መቱኝ። «ዕዳዬ ነበር» አሉ።

ወራት አልፈው ስንመለስ ሱቃችን ባዶ ነበር። መጋረጃው እንኳ ተወስዷል። ጋሽ እንድሪስ በጋሪ ያሸሿትን የመኪና ራስ በጠረጴዛ እግር ላይ ተከሏት። ከተማው በሙሉ ልብሱን ሊያስጠብብ ተሰለፈ። ለዓመታት ሰኞ እጀምራለሁ ሲል የኖረ ሁሉ ከስቶ መጣ፤ ደስ ያለው ግን አንድም አላየሁም። ጋሽ እንድሪስ የተሰለፉትን ሴቶች አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዘሀራ፣ አሁን አሥር ጨምረሽ ተናገሪ። ከሳችሁ ቢባሉ ይከፋቸዋል።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሲሪንቃ ድረስ ያሳደዱኝ ይበቃኛል።»

ሳቁ። «እሺ። ግን ጮክ ብለሽ አትናገሪ» አሉ። ጆሯቸው ስለማይሰማ በወረቀት እየጻፍኩ በመጋረጃው ምትክ ባንጠለጠልነው አንሶላ ሥር ማቀበል ጀመርኩ። ይህ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቻል ነበር፤ ማናችንም አላሰብነውም።

በዚያው ሳምንት እትዬ በላይነሽ ከደሴ ተመልሰው መጡ። ከቤታቸው በእግራቸው ነበር የመጡት። ደሴ ሳሉም ጠዋት ጠዋት ዳገት ሲወጡ ከርመዋል። ለካሁና ወረቀቱን ጻፍኩ። ከእጄ ነጥቀው አነበቡት።

«መቶ ስምንት። እውነተኛው ነው?»

«እውነተኛው ነው።»

አንሶላውን ገልጠው ሰልፉን፣ ሹፌሮቹንም ጭምር አዩ። «መቶ ስምንት!» ብለው ራሳቸው ጮሁ። «ጋሽ እንድሪስ፣ መቶ ስምንት ብለው ይቁረጡ፤ ምንም አይጨምሩ!»

ከተሰለፉት አንዷ የምን ስፖርት እንደሠሩ ጠየቀቻቸው። «ሲሪንቃ ይባላል» አሉ። «ለመጀመር ግን የሚያናድድሽ ሰው ያስፈልግሻል።»

ዛሬ እኔም ቆራጭ ነኝ። ሜትር ይዛ ለምትመጣ ጀማሪ የምነግራት አንድ ነገር ነው። ያየሽውን ቁጥር ጻፊ። ሰው ስንት እንደሆነ ካላወቀ፣ እግሩ ስንት እንደተሸከመም አያውቅም።